የጭራሮ ቆርቆሮ

ሰኔ 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮ፤

ሰላምታዬ ከተራራ ላይ ተንከባሎ የሚወርድ ስለሆነ ራቅ ብለሽ ቆመሽ ተቀበዪው። እንደምን ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ጎረቤቶችሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጉልበቴም ጥርሴም በቦታቸው አሉ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም።

አሁን ፊደሉን ልብ ብለሽ እዪው። የባለበቅሎው ጽሕፈት ነው? አይደለም! እስከዛሬ እኔ አሥር ነገር ስናገር እሱ ሁለቱን ጽፎ "ደህና ነኝ ብለሃል፣ በቃ" እያለ ሲያሳጥረኝ ነበር። ከእንግዲህ ቀረ። ይህን የጻፈው የአጎትሽ የገዛ እጁ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ታችኛው ከተማ ወርጄ ስከርም፣ ከድልድዩ ዳር ባለው ቤት የማታ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። "በዚህ ዕድሜህ ፊደል ምን አስታወሰህ?" ቢሉኝ "እትዬ፣ ፊደሉ ነው እኔን ሲጠብቅ የኖረው" አልኳቸው። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። እርግጥ የተማርነው አራት ነን፤ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው ነው፣ ሲያንቀላፋ ነው የከረመው። አንደኛ ግን አንደኛ ነው።

እንግዲህ የምኖርበትን አገር ላሳይሽ። ከከተማው ወጥተሽ ድልድዩን ስትሻገሪ ወንዙ ነጭ ነው፤ ወተት እንዳይመስልሽ፣ ድንጋይ ፈጭቶ የሚወርድ ውኃ ነው። ከዚያ የጥድ ጫካ ትገቢያለሽ። ጥዶቹ መጀመሪያ እንደ ባለሥልጣን ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ፤ ሽቅብ በሄድሽ ቁጥር ግን እያጠሩ፣ እየጎበጡ ይመጡና በመጨረሻ አንቺን የምታክል አንዲት ቀጫጫ ጥድ ብቻዋን ትቀራለች። ከሷ በላይ ዛፍ የለም። "እኛ እስከዚህ ነን" ተባብለው የተማማሉ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ ሣር ነው። ሣሩ ውስጥ ድመት የሚያክል፣ አይጥ የሚመስል ወፍራም እንስሳ አለ፤ ሰው ሲያይ ያፏጫል። የመጣሁ ሰሞን ሰው የጠራኝ መስሎኝ "አቤት!" እያልኩ ስዞር ነው የከረምኩት። ከሣሩ በላይ የድንጋይ ናዳ፣ ከድንጋዩ በላይ ትንሽ አረንጓዴ ሐይቅ፣ ከሐይቁ በላይ የበረዶው ወንዝ። ወንዝ ያልኩሽ ስለሚሄድ ነው፤ አካሄዱ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፣ እግሩን ሲያነሳ ያየው የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ተራራው እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ባለበት ቦታ፣ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። የዚያ ቤት ጠባቂ ማነው? አጎትሽ! ወደ ጫፉ የሚወጣ ሁሉ እኔ ዘንድ ያድራል፣ የኔን ሾርባ ይጠጣል፣ የኔን ፈቃድ ይጠይቃል። እሺ፣ ፈቃድ እንኳ አይጠይቀኝም፤ "የዛሬ አየሩ እንዴት ነው?" ይለኛል። ጫፉ ከኮርቻው በስተግራ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ "ጎረቤቴ" ነው የምለው፤ ሌላ ጎረቤት ስለሌለኝ። ከከተማው ሲያዩት የውሻ ክራንቻ ነው። ከኔ ደጃፍ ግን ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ኩርፍተኛ ይመስላል። ይኸው ስንት ዓመት "እንደምን አደርክ" እለዋለሁ፣ ድምፅ የለም።

አንድ የሥራዬን ነገር ጨምሬ ላብቃ። በሩ አጠገብ ሰሌዳ አለ። በሁለት ረድፍ ምስማር ተመቶበታል፤ የላይኛው ቤት ላሉ፣ የታችኛው ውጭ ላሉ። ሁሉም ሰው ስሙ የተጫረባት ትንሽ ቆርቆሮ አለችው። ወደ ተራራው ሲወጣ ወደ ታች ያወርዳታል፣ ሲመለስ ወደ ላይ ይመልሳታል፤ በገዛ እጁ! ጓደኛው አይነካለትም፣ እኔም አልነካለትም። አንድ ቆርቆሮ ውጭ እስካለ ድረስ መስኮቴ ላይ መብራት አይጠፋም። ሳይመለስ የቀረ ካለና ፍለጋው ካበቃ፣ የመንገድ መሪዎቹ አለቃ ይመጣና ቆርቆሮውን ከበሩ በላይ ይቸነክረዋል። እዚያ የተቸነከሩትን ስሞች ዘንድሮ ነው ማንበብ የቻልኩት። ለካ ከሥራቸው ስገባ ስወጣ የኖርኩት ሳላውቃቸው ነው።

መብራቴ ከታች የሚታየው ደግሞ ከየትም አይደለም፤ ቋጥኙ ከተማውን ሁሉ ይጋርደዋል። ከድልድዩ ዳር ካለው ከትምህርት ቤታችን መስኮት ብቻ ነው የሚታየው። የተማረ ሰው ብቻ ያየዋል ማለት ነው።

ጻፊልኝ። ባለበቅሎው ሲወጣ ይዞልኝ ይመጣል።

አጎትሽ፣ ባለ ተራራው


ሐምሌ 3

ለምወድህ አጎቴ፤

ከምድር ቤት ተነስቶ እስከ አሥራ አንደኛ ፎቅ የሚደርስ ሰላምታ ልኬልሃለሁ ጋሼ፤ ከዚያ በላይ ያለውን አንተ ወርደህ ተቀበለው። ደብዳቤህን ሳይ መጀመሪያ ያልታወቀ ሰው የጻፈልኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳነበው ግን ድምፅህን ሰማሁት። እማዬ በሕይወት ብትኖር "ወንድሜ ፊደል ሳይቆጥርም ወሬው አያልቅ፣ አሁንማ ማን ይችለዋል?" ትል ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። ያው አሳንሰሩ ውስጥ ነኝ። አንተ ጫፍ ላይ ነኝ ብለህ አትኩራብኝ፤ እኔ በቀን ስንቴ ጫፍ ወጥቼ እንደምወርድ አላውቀውም። መስኮት የለውም እንጂ። ከሰው ጋር የማወራው "ስንተኛ?" ብዬ ነው፤ እነሱም "አራተኛ"፣ "ዘጠነኛ" ይሉኛል። አንዳንዱ እጁን ብቻ ያሳየኛል።

ባለፈው የሆነውን ለሳቅ ያህል ልንገርህ። ቅዳሜ ሁሉም ከወጣ በኋላ ባዶውን አሳንሰር ወደ ላይ ላደርስ ስል፣ በስድስተኛና በሰባተኛ ፎቅ መሀል መብራት ሄደ። ደወሉም የሚሠራው በመብራት ነው። ጮህኩ፤ ሕንፃው ባዶ ነው። ደግነቱ ቦርሳዬ ውስጥ ውኃና አንድ ብርቱካን ነበረኝ። ሰኞ ጠዋት መብራቱ መጣና በሩ ምድር ቤት ሲከፈት ተቆጣጣሪው ፊት ለፊት ቆሟል። ሰዓቱን አየና "ጎሽ፣ ዛሬስ ቀድመሽ ገባሽ!" አለኝ። የምሩን ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ ጎረቤቴ "ልብስሽን ገመድ ላይ ዝናብ ሲመታው ከረመ" አለችኝ። ይኸው ነው። ስቀሃል?

ስለ ተራራው ጨምርልኝ። ደብዳቤህን ኪሴ ውስጥ ይዤ በፎቅና በፎቅ መሀል አነበዋለሁ።

ጭራሮህ


ነሐሴ 1

ይድረስ ለጭራሮ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለተቆጣጣሪሽ ግን አልላክሁም።

ለሳቅ ያህል ያልሽውን አነበብኩት። አልሳቅኩም። ጀማሪ አንባቢ ስለሆንኩ ሳቁን ዘልዬው ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ለባለበቅሎው ሰጠሁት፤ እሱ እንኳ ሰው ሲወድቅ የሚስቅ ሰውዬ ነው፣ አልሳቀም። "ማንም አልፈለጋትም?" አለኝ። "አንብበው እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። ምን ጥፋት ነበረበት?

ያን ዕለት የሣርዲን ጣሳ ክዳን ቆረጥኩ። ጠርዙን በድንጋይ አለስልሼ በምስማር "ጭራሮ" ብዬ ጻፍኩበት። ቆርቆሮ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ስም ያንቺ ነው፤ "ሮ"ዋ ትንሽ ጠምማለች እንጂ አንደኛ ናት። ከዚያ የታችኛው ረድፍ ላይ፣ ውጭ ካሉት ጋር፣ ሰቀልኳት። ውጭ ነሽ ማለት ነው። እስክትገቢ መብራቱ አይጠፋም። እዚህ ቤት ያደሩ ሰዎች በጠየቁኝ ቁጥር "እሷ ገና አልገባችም" እላለሁ።

ስለ ተራራው ጨምር ላልሽኝ፣ ያላወራሁሽ ትልቁ ነገር ጣራዬ ነው። ቤቴ ያለው ልክ በኮርቻው ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ በግራ ክዳኑ ላይ የወደቀው ዝናብ በከተማው በኩል ወርዶ አንድ ባሕር ይገባል። በቀኙ ላይ የወደቀው ደግሞ በሌላው ሸለቆ አድርጎ ሌላ ባሕር ይገባል። መሀል ላይ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች፣ ተቃቅፈው የመጡ ይሆናሉ፣ ከኔ ጣራ ላይ ከተለያዩ በቃ ነው። ውኃ የማከፋፍለው እኔ ነኝ እያልኩ እንግዳ ፊት እጎራለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ዝናብ ሲዘንብ ጣራውን መስማት አልወድም።

የጎረቤቴ ጥላም አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ሸለቆውን አቋርጦ ይሄድና ከተማው ላይ ይተኛል፤ እነሱ ሲጨልምባቸው እኔ ገና ፀሐይ እሞቃለሁ። የበረዶው ወንዝ ደግሞ የዋጠውን አያስቀርም፣ ስንት ዓመት ቆይቶ ታች ሐይቁ ዘንድ ይተፋዋል። ዘንድሮ ባርኔጣ ተፋ። ባለቤቱ እስኪመጣ አንጠልጥዬዋለሁ።

የጫማ ቁጥርሽ ስንት ነው? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።

አጎትሽ፣ ባለ ተራራው፣ ውኃ አከፋፋዩ


ነሐሴ 25

ለምወድህ ጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ሰላምታዬ ባለበቅሎውንም ያዳርስ፤ ስላልሳቀ ወድጄዋለሁ።

ቁጥሬ ሠላሳ ሰባት ነው። ዝም ብዬ ነው የነገርኩህ።

አሳንሰሩን ወዳንተ ተራራ ለውጨዋለሁ። ምድር ቤት ድልድዩ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ጫካው። አምስተኛ ላይ ያቺ ቀጫጫ ጥድ አለች። ሰባተኛ ላይ የሚያፏጨው አይጥ፤ እዚያ ያለው ሒሳብ ሹም እሱን ቁርጥ ስለሆነ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ዘጠነኛ ሐይቁ፣ አሥራ አንደኛ አንተ። አሥራ አንደኛ ላይ በሩ ሲከፈት ሁልጊዜም ኮሪደር ነው። እንግዳው ይወርዳል፣ እኔ ትንሽ እቆያለሁ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በሩ ሲዘጋ ጣቴን ከመክፈቻው አዝራር አላርቅም።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ተቆጣጣሪው "ምትክ ሲገኝ" አለኝ። ምትክ ሲገኝ እመጣለሁ። ቆርቆሮዬን ግን አውርዳት ጋሼ። ሰው ይስቅብሃል። ቀልድም መጠን አለው።

ጭራሮህ


መስከረም 20

ይድረስ ለጭራሮ፤

ሰላምታዬ በሁለት እጅ ነው፤ አንደኛው እጄ ራሴን ይዟል። ቁጭ በይና አንብቢ።

ላንቺ ጫማ ላሰፋ ከተማ ወርጄ ነበር። ያው ተናገርኩት። ወፍራም ሶል ያለው፣ ውስጡ ሱፍ፣ የተራራ ጫማ። ጫማ ሰፊው ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ አቆየኝ። በኔ ቦታ ላይ የተቀመጠው ጡረታ የወጣው መንገድ መሪ ነው፣ ጺሙ የምንለው። ጺሙ ቀልድ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነው። እኔ በሌለሁበት ጉም ወረደ፤ እዚህ ጉም ሲወርድ የገዛ ክንድሽ መጨረሻው አይታይሽም። የወጡት ሁሉ እየተደናበሩ ተመለሱ፣ ቆርቆሯቸውን እያነሱ ሰቀሉ። ጺሙ ሰሌዳውን ቢያይ አንዲት ቀርታለች።

"ጭራሮ ማነው?" አለ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ብረት ነጋዴ ነው፣ አላውቅም ማለት የማይወድ፣ "አዎ አዎ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ሐይቁ ዘንድ አይቻለሁ" አላለም? ጉም ውስጥ ማን ወፍራም አለ! ጺሙ ደወሉን ደወለ። ከተማ ተሰማ። መሪዎቹ ሁሉ ገመዳቸውን ይዘው ሽቅብ። ናዳውን አገላበጡት፤ የበረዶው ወንዝ የተሰነጠቀበት ውስጥ እየታሰሩ ወረዱ።

አሁን የሚመጣውን ለሰው አትንገሪ። እኔ ጫማሽን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እያፏጨሁ ስወጣ ያቺ ቀጫጫ ጥድ ዘንድ አገኘኋቸው። "ምንድን ነው?" አልኩ። "አንዲት ሴት ጠፍታለች" አሉኝ። "ማን?" "ጭራሮ የምትባል።"

ጭራሮ፣ ሮጥኩ። ቆርቆሮዋን የሰቀልኩት እኔ መሆኔ፣ አንቺ ሩቅ ከተማ መሆንሽ፣ ምኑም ትዝ አላለኝም። "ጠፍታለች" ሲሉኝ እውነት ሆነብኝ። በዚህ ጉልበቴ ሣሩን አቋርጬ፣ ድንጋዩን ወጥቼ ስምሽን እየጮህኩ ሐይቁ ድረስ ሄድኩ። ውኃው ውስጥ አየሁ። እዚያ ቆሜ ሳለ ነው የሣርዲኑ ክዳን ትዝ ያለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ደርሰው "አገኘሃት?" ሲሉኝ ምን ልበላቸው?

አለቃው መጣ። ግዙፍ ነው፣ ሲቆጣ ባርኔጣው ይነሳል።

"ሴትዮዋ የት ናት?" አለኝ።

"ሩቅ ከተማ። አሳንሰር ውስጥ።"

"ታዲያ ከየት አባቷ ነው የጠፋችው?"

ደብዳቤሽን አወጣሁና የቅዳሜውን አነበብኩለት። ሰው ሁሉ እያለ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሳልደናቀፍ። ቀድመሽ ገባሽ ያለሽ ጋ ስደርስ አለቃው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ሕግ ግን ሕግ ነው" አለ። "ወይ መጥታ በእጇ ታንሳት፣ ወይ እንደሌሎቹ ከበሩ በላይ እቸነክራታለሁ።"

"በሕይወት ያለች ልጅ ከሙታን ጋር አትቸነከርም" አልኩት።

"እንግዲያው የሚሆነውን ታውቃለህ" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ቆርቆሮሽ በቦታዋ ናት። ጫማሽ ምድጃው አጠገብ ነው። የሚነበብ ነገር ካለሽ ላኪልኝ፣ ረዘም ያለ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አጎትሽ


ጥቅምት 18

ጋሼ፤

ሰላምታዬን እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። የዘገየሁት ለዚህ ነው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሒሳብ ሹሙ ሊገባ ሲል በሩን ዘጋሁበት። ማንም ፈልጎኝ አያውቅም ጋሼ። በልጅነቴ ድብብቆሽ ስንጫወት እንኳ ልጆቹ እኔ መደበቄን ረስተው ቤታቸው ይገቡ ነበር። የማያውቁኝ ሰዎች በገመድ ታስረው በረዶ ውስጥ ወርደው ስሜን ጠሩ ስትለኝ፣ ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። አፍሬያለሁ። ግን ማፈር ብቻ አይደለም። እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ብለው ነው የጠሩኝ? ጮክ ብለው ነው?

ደግሞ አንድ ነገር ገርሞኛል። በዚህ ወር ቤቱ ተዘግቶ አንተ ወደ ከተማው ትወርድ አልነበር? ለምንድን ነው ረጅም የሚነበብ ነገር የፈለግከው? አለቃው "የሚሆነውን ታውቃለህ" ያለህ ምኑን ነው? ቀልድህን ተውና ንገረኝ።

የእማዬን አሮጌ መጻሕፍት ልኬልሃለሁ።

ጭራሮ


ኅዳር 2

ይድረስ ለጭራሮ፤

ባለበቅሎው በር ላይ ቆሞ "ፍጠን፣ በረዶ ሊጥል ነው" እያለ ስለሚያጣድፈኝ ሰላምታው አጭር ነው፤ አንቺ አርዝመሽ አንብቢው። መጻሕፍቱ ደርሰውኛል። በጠርዙ ላይ የእህቴ ጽሕፈት አለ። ማንበብ መቻሌ ለዚህ ጠቀመኝ።

ለጠየቅሽኝ፤ ቆርቆሮ ውጭ እያለ ቤቱ አይዘጋም፣ ጠባቂውም ያለ ምትክ አይወርድም፤ በበረዶ ወራት ደግሞ ምትክ የሚሆን የለም። የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ጎረቤቴን በበረዶ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን አየዋለሁ፤ ከኔ በፊት ያየው ጠባቂ የለም፣ አንደኛ ነኝ። ስንቄ ሞልቷል። አለቃው ራሱ እንጨት ተሸክሞ አመጣልኝ፤ በየእርምጃው እየሰደበኝ። "አንተ ደረቅ፣ ልቸንክራትና ና ውረድ" አለኝ። "አንተ ዝም ብለህ ደርድር" አልኩት። ሲሄድ እጄን ያዘኝና አልለቅ አለ። ባለበቅሎው ከወረደ በኋላ ናዳ የሚወርድበት ሸንተረር ይዘጋል፤ በረዶው እስኪቀልጥ ወሬ አይወጣም፣ ወሬ አይገባም።

አንቺ ሥራሽን አትልቀቂ። ምትክ እስኪገኝ ቆይ ካሉሽ ቆዪ። እኔ ለመጠበቅ ነው የምከፈለው።

እንዴት ብለው ጠሩሽ? ጮክ ብለው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ጭራሮ ሆይ!" እያሉ፣ "ሮ"ዋን ስበው። ጎረቤቴ ገደሉን እያስተጋባ ይመልሰዋል። ስንት ዓመት ሰላም ስለው ዝም ያለኝ ኩርፍተኛ፣ ያንቺን ስም ደጋግሞ ጠራ።

በይ፣ በቅሎዋ ተቆጣች።

አጎትሽ


ኅዳር 26

ጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰላም እልሃለሁ፤ ከቅርብ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት የአሳንሰሩን ቁልፍ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። "ስንተኛ ልትሄጂ ነው?" አለኝ፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቀለደ። "ከአሥራ አንደኛ በላይ" አልኩት። እዚህ ታችኛው ከተማ ስደርስ ሸንተረሩ ተዘግቷል። እኔ ከመድረሴ ሁለት ቀን በፊት ነው የተዘጋው። አለቃው ደጃፍ ሄጄ "ጭራሮ ነኝ" አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። "በእግዜር፣ እውነትም ቀጭን ነሽ" አለ። ልውጣ ብዬ ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ። "አንዱን ስንጠብቅ ሁለት አንቀብርም" አለኝ።

ሰው ሁሉ ሊያየኝ መጣ። አንዱ "እኔ ሐይቁ ዘንድ ነው የፈለግኩሽ" ይላል። ሌላው "እኔ በረዶው ውስጥ ስወርድ ጉልበቴን ሰበርኩ፣ ይኸው" ብሎ ያሳየኛል፤ ሳይከፋው፣ እንደ ዘመድ። ብረት ነጋዴው ደግሞ ገና ሲያየኝ "አላልኳችሁም? ያየኋት ይቺው ናት!" ብሎ አደባባዩን አናጋው።

የማታ ትምህርት ቤቱ በበረዶ ወራት ባዶ ስለሆነ አስተማሪህ ቁልፉን ሰጡኝ። ስምህ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ አሁንም አለ፤ "አትደምስሱ" ብለህ ከሥሩ ጽፈሃል። የጎረቤትህ ጥላ በጊዜ መጥቶ ከተማው ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ መስኮቱ ዘንድ እቀመጣለሁ። ሁሉም ከጨለመ በኋላ እዚያ ላይ፣ ኮከብ የሚመስል ግን ከኮከብ የሚቀላ፣ መብራትህ ይበራል። ለኔ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።

ፋኖስ ገዝቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ።

ጭራሮህ


ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለጭራሮ፣ ከተማ፣ አሳንሰሩ ውስጥ፤

የሚወስድልኝ ሳይኖር ነው የምጽፈው፤ በረዶው ሲቀልጥ በአንድ ላይ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ምትኩ ተገኘ? እኔ ደህና ነኝ። በረዶው በሩን ስለደፈነው በመስኮት ነው የምገባው፣ እንደ ሌባ። የእህቴን መጻሕፍት ጨርሼ ደገምኳቸው። ጎረቤቴ ነጭ ለብሶ ይበልጥ አኩርፏል። ዝምታው እዚህ ድረስ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም ነበር። አንዳንዴ ሾርባ ስቀዳ ሁለት ሳህን አወጣለሁ፤ ከዚያ እመልሰዋለሁ።

አንድ ወሬ ግን አለኝ። ያ ከድልድዩ ዳር ያለው ትምህርት ቤታችን፣ በዚህ ወራት ድርግም ብሎ የሚጨልመው፣ መስኮቱ ላይ መብራት አለ! መጀመሪያ እትዬ ሰነፍ ተማሪ አግኝተው በክፍያ የሚያስጠኑ መሰለኝ። ግን አንድ ፋኖስ ብቻ ነው፣ ከመስኮቱ አይነቃነቅም፣ እኔ ሳበራ ይበራል። ማጥናት እንዲህ አይደለም። ይሄ ሰው የሚጠብቅ ሰው ነው፤ እኔ ሙያዬ ስለሆነ አይሸውደኝም። በአንድ ምሽት ለቀልድ ያህል ፋኖሴን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ትንሽ ቆይቶ ያኛውም ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንዳንቺ አሳንሰር። ብቻዬን በሳቅ ሞትኩ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እንደማመጣለን። ማን እንደሆነ፣ ማን እንደቀረበት አላውቅም። ምስኪን፣ ዘመድ ያለው አይመስልም።

ዛሬ ከጣሳ ክዳን አንድ ቆርቆሮ ቆረጥኩለት። ስሙን ስለማላውቅ ምንም አልጻፍኩበትም። ካንቺ ጎን ሰቀልኩት።

አጎትሽ